ከዲስክ ወደ ኤዲቲንግ፦ የዲቪዲን ቪዲዮ የማውጣት ሥራ ታሪክ

ዲቪዲ የተሠራው ፊልም ለማየት እንጂ ፊልም ለመቁረጥ አይደለም። ዲስኩን የነደፉት መሐንዲሶች ያሰቡት ሳሎን ተቀምጦ ለሚመለከት ቤተሰብ ነው፤ አንዲት ትዕይንት ቆርጦ በሌላ ሥራ ውስጥ ማስገባት ለሚፈልግ የፊልም መምህር፣ የዘጋቢ ፊልም አዘጋጅ ወይም የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ አይደለም። ስለዚህ ቪዲዮውን ከዲስኩ አውጥቶ ወደ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ለማስገባት ሁለት መሰናክሎችን ማለፍ ግድ ነበር። አንደኛው የፊልም ኩባንያዎች ሆን ብለው ያስገቡት የምስጢር ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ማንም ለመከልከል ሳያስብ ምስሉ ከታመቀበት መንገድ የመጣ ነው። የመጀመሪያው በሦስት ዓመት ውስጥ ሲሰበር፣ ሁለተኛው የብዙ ሰዎችን የዓመታት ልፋት ጠይቋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የዲስኩ አወላለድ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲዲን የሚተካ የፊልም ዲስክ ለማውጣት ሁለት ጎራዎች ይፎካከሩ ነበር። በአንድ ወገን ሶኒና ፊሊፕስ፣ በሌላው ወገን ቶሺባና ታይም ዋርነር ቆመው ነበር። ገበያው ቀደም ሲል በቪኤችኤስና በቤታማክስ ካሴቶች ፉክክር ስለተጎዳ፣ ትልልቅ የኮምፒውተር ኩባንያዎች ሁለት ዓይነት ዲስክ እንደማይቀበሉ አሳወቁ። ጎራዎቹ በ1995 ተስማሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች በኖቬምበር 1996 በጃፓን፣ በማርች 1997 ደግሞ በአሜሪካ ለሽያጭ ቀረቡ።

የዲስኩ ስፋት እንደ ሲዲ 12 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት፣ በሁለት ንብርብር 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። ይህ መጠን በዘመኑ ብዙ ቢባልም ለቪዲዮ ጥቂት ነው። 720 በ576 ነጥብ ያለው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም የሚሄድ ምስል ሳይታመቅ ቢጻፍ 4.7 ጊጋባይቱ በ5 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ሙሉ ፊልም በአንድ ዲስክ እንዲያድር ያስቻለው ኤምፔግ-2 የተባለው የማመቂያ ስልት ነው። ለምስሉ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በሰከንድ 9.8 ሜጋቢት ብቻ ነበር።

ዲስኩ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር ይታያል። ምስሉና ድምፁ ያሉት ቮብ በተባሉት ፋይሎች ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ ከ1 ጊጋባይት ስለማይበልጥ አንድ ፊልም በአምስት ወይም በስድስት ፋይል ይከፋፈላል። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ ምስሉ፣ እስከ 8 የሚደርሱ የድምፅ ትራኮች፣ እስከ 32 የሚደርሱ የትርጉም ጽሑፎችና እስከ 9 የሚደርሱ የካሜራ ማዕዘኖች እንደ ተጎነጎነ ጸጉር እየተፈራረቁ ተጽፈዋል። የትርጉም ጽሑፉም ሆሄ ሳይሆን በምስሉ ላይ የሚደረብ ሥዕል ነው። የትኛው ቁራጭ ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ የሚናገሩት አይኤፍኦ የሚባሉት ትንንሽ ፋይሎች ናቸው። ያለ እነሱ ቮቦቹን በተርታ መቀጠል ሜኑውን፣ ማስታወቂያውንና ፊልሙን ሊያደባልቅ ይችላል።

የመጀመሪያው መሰናክል፦ ቁልፉ

የቪኤችኤስ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። የዲጂታል ቅጂ ግን መቶኛው ከመጀመሪያው አይለይም። የፊልም ኩባንያዎቹ ትልቁ ስጋት ይህ ስለነበር፣ መከላከያ ሳይበጅለት ፊልሞቻቸውን በዲስኩ ለማውጣት አልፈቀዱም። በዋናነት ማትሱሺታና ቶሺባ ያዘጋጁት ሲኤስኤስ የተባለው የምስጠራ ስልት የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲኤስኤስ ሦስት እርከን አለው። የፊልሙ መረጃ በርእስ ቁልፍ ይመሰጠራል፤ የርእስ ቁልፉ በዲስኩ ቁልፍ ይቆለፋል፤ የዲስኩ ቁልፍ ደግሞ ለማጫወቻ አምራቾች በተሰጡ ቁልፎች ከ400 ጊዜ በላይ እየተቆለፈ በዲስኩ መግቢያ ላይ ይጻፋል። እያንዳንዱ ማጫወቻ በራሱ ቁልፍ የሚከፈተውን ቅጂ ፈልጎ ይጠቀማል። የአንዱ አምራች ቁልፍ ቢሾልክ ከዚያ በኋላ በሚታተሙ ዲስኮች ላይ ያን ቁልፍ መተው ይቻላል ተብሎ ታስቦ ነበር። የዲስኩ ቁልፍ የሚቀመጥበት ሥፍራም በተራ ባዶ ዲስክ ላይ የማይጻፍበት ነው። ስለዚህ ቮቡን ብቻ ወደ ኮምፒውተር የገለበጠ ሰው የሚያገኘው ወይ የማንበብ ስሕተት ነው፣ ወይ በቀለማት የተበጣጠሰ ምስል።

ያኔ የቀረው መንገድ ማጫወቻውን በገመድ ከኮምፒውተር ካርድ ጋር አገናኝቶ ፊልሙ እየተጫወተ መቅዳት ነበር። የሁለት ሰዓት ፊልም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ምስሉም ከዲጂታል ወደ አናሎግ፣ ከአናሎግ ተመልሶ ወደ ዲጂታል ሲሄድ ጥራቱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ብዙ ዲስኮች ማክሮቪዥን የተባለውን መከላከያ ያስነሱ ነበር፤ ይህ ከማጫወቻው የሚወጣውን ምልክት ስለሚያዛባ የተቀዳው ምስል አንዴ ይጨልማል፣ አንዴ ይፈካል።

የሲኤስኤስ ቁልፍ ርዝመት 40 ቢት ነው። በዘመኑ ጠንካራ ምስጠራን ወደ ውጭ በመላክ ላይ የነበረው ገደብ ከዚህ በላይ እንዳይሆን አድርጎታል። በኦክቶበር 1999 ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት ኖርዌጂያዊ፣ ማንነታቸውን ከደበቁ ሁለት ባልደረቦቹ ጋር የሠራውን ዲሲኤስኤስ የተባለ ፕሮግራም በኢንተርኔት ለቀቀ። መነሻቸው ቁልፉን በቅጡ ሳይሸሽግ የተሠራ ዚንግ የተባለ የኮምፒውተር ማጫወቻ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ፍራንክ ስቲቨንሰን የተባለ ባለሙያ የስልቱን ስሌት መርምሮ፣ የማንንም አምራች ቁልፍ ሳይዙ የዲስኩን ቁልፍ በተራ ኮምፒውተር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በኋላ የሾለከውን ቁልፍ መሰረዝ ትርጉም አጣ።

ከፍርድ ቤት እስከ ፊልም ትምህርት ክፍል

ዲሲኤስኤስ ሲወጣ ሊነክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ፈቃድ ያለው የዲቪዲ ማጫወቻ አልነበረም። የፕሮግራሙ ደጋፊዎች በገንዘብ የተገዛን ዲስክ በራስ ኮምፒውተር ላይ ማየት መብት ነው ብለው ተከራከሩ። የፊልም ኩባንያዎቹ ደግሞ ፕሮግራሙን የሌባ መክፈቻ አድርገው አዩት።

በጃንዋሪ 2000 የኖርዌይ ፖሊስ የዮሃንሰንን ቤት ፈተሸ። የኦስሎ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2003 ነፃ አወጣው፤ ሰው በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ዲስክ መክፈቱ በሌላ ሰው ንብረት ውስጥ እንደመግባት እንደማይቆጠር ወሰነ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ቢልም በዲሴምበር 2003 ውሳኔው ጸና።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መከላከያ ቁልፍን መስበርንም፣ መስበሪያ መሣሪያ ማሠራጨትንም ከልክሏል። ስምንት የፊልም ኩባንያዎች ዲሲኤስኤስን ያሠራጨውን 2600 የተባለ መጽሔት አሳታሚ ከሰሱ። የኒው ዮርኩ ዳኛ ሉዊስ ካፕላን በኦገስት 2000 ለኩባንያዎቹ ፈረዱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በኖቬምበር 2001 ፍርዱን አጸና። ተቃዋሚዎች የፕሮግራሙን ኮድ በካናቴራ ላይ አተሙት፣ ግጥምና ዘፈንም አደረጉት፤ ኮድ ንግግር ነውና ሊታገድ አይገባም የሚል ነበር መልእክታቸው። በ2004 ደግሞ ዲስክ ገልባጭ ሶፍትዌር በአደባባይ ይሸጥ የነበረው 321 ስቱዲዮስ በፍርድ ቤት ተሸንፎ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሥራው በአብዛኛው በነፃ በሚሠራጩ ፕሮግራሞች እጅ ቀረ፤ ከእነዚህም ዋናው ፈረንሳይ ውስጥ ተማሪዎች የጀመሩት ቪዲዮላን ያዘጋጀው ሊብዲቪዲሲኤስኤስ ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ አንድ ወገን ጉዳዩ ሳይሰማለት ቆይቷል፤ እሱም ከፊልሙ ጥቂት ሰከንድ የሚያስፈልገው መምህርና ኤዲተር ነው። የሁለት ዳይሬክተሮችን አቀራረጽ አነጻጽሮ ለማስተማር ከሁለቱም ፊልሞች ትዕይንት ማውጣትና ጎን ለጎን ማሳየት ያስፈልጋል። ዲስክ እየቀያየሩ፣ ማስታወቂያውንና ሜኑውን እየጠበቁ ማስተማር የክፍለ ጊዜውን ዕድሜ ይበላል። የአሜሪካው ሕግ በየሦስት ዓመቱ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ ያዝዛል። በ2006 የዩኒቨርሲቲ የፊልም መምህራን ከትምህርት ክፍላቸው ቤተ መጻሕፍት ዲስኮች ትዕይንት እንዲያወጡ ተፈቀደላቸው።

ፈቃዱ እንዲሰፋ በ2009 በተደረገው ችሎት የፊልም ኩባንያዎች ማኅበር ቁልፉን መስበር አስፈላጊ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ቪዲዮ አቀረበ፤ ቪዲዮው በቴሌቪዥን የሚታይን ፊልም ፊት ለፊት በቆመ ካሜራ መቅረጽ እንደሚቻል የሚያሳይ ነበር። ለመምህራኑ ግን ጉዳዩ የጥራት ነበር፤ ስለ ብርሃን አጣጣልና ስለ ቀለም የሚያስተምር ሰው ብርሃኑና ቀለሙ የተበላሸ ቅጂ አይጠቅመውም። በጁላይ 2010 ፈቃዱ ለሁሉም የኮሌጅ መምህራን፣ ለፊልም ተማሪዎች፣ ለዘጋቢ ፊልም ሠሪዎችና ለትርፍ ላልሆኑ ቪዲዮዎች አዘጋጆች ተሰጠ። የሚወጣው ክፍል አጭር፣ ዓላማውም ሒስ ወይም አስተያየት መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው መሰናክል፦ የታመቀው ምስል

ቁልፉ ከተከፈተ በኋላም ቮቡ በኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ በቀላሉ አይገባም ነበር። ምክንያቱ ኤምፔግ-2 ቦታ የሚቆጥበው ፍሬሞቹን ሁሉ ሙሉ ለሙሉ ባለመጻፍ መሆኑ ነው። በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ አንድ ሙሉ ፍሬም ይጻፋል። በመካከል ያሉት ከቀደመው ፍሬም የተለወጠውን ብቻ፣ ወይም ከቀደመውም ከሚከተለውም ጋር ያላቸውን ልዩነት ብቻ ይይዛሉ። ለተመልካች ይህ አይታወቅም፤ ማጫወቻው ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ስለሚሄድ የጎደለውን እየሞላ ያሳያል። ኤዲተር ግን በፈለገው ፍሬም ላይ መቁረጥ፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ አንዲት ፍሬም ማቆም ይፈልጋል። የተቆረጠው ከሁለት ሙሉ ፍሬሞች መካከል ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ወደ ቅርቡ ሙሉ ፍሬም ተመልሶ የመካከሉን ሁሉ እንደገና ማስላት አለበት።

በ1999 የወጣው ፋይናል ከት ፕሮና በጊዜው የነበረው አዶቤ ፕሪሚየር የተባሉት የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች በዋናነት የተመቻቹት ዲቪ ለተባለው የቪዲዮ ቅርጸት ነበር። በዲቪ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው የተሟላ ነው፤ በሰከንድ 25 ሜጋቢት ስለሚወስድ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ የዲቪዲን ትዕይንት ለመጠቀም ሦስት ነገር ማድረግ ያስፈልግ ነበር፤ ምስሉንና ድምፁን መነጣጠል፣ ምስሉን ወደ ዲቪ መቀየር፣ ኤሲ-3 ተብሎ የተመዘገበውን ድምፅ ወደ ያልታመቀ ዌቭ መመለስ። ከተነጣጠሉ በኋላ ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር አልገጥም ማለቱ የዘመኑ የዘወትር ችግር ነበር። ምስሉና ድምፁ የሚጀምሩበት ቅጽበት በቮቡ ውስጥ አንድ ላይሆን ስለሚችል፣ ልዩነቱን በሚሊሰከንድ ለክቶ ማስተካከል ያስፈልጋል።

በዊንዶውስ ላይ ይህን ችግር የፈቱት በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ናቸው። ዲቪዲ2ኤቪአይ፣ ኋላም ዲጂኢንዴክስ የተባሉት መሣሪያዎች ቮቡን ሳይነኩ እያንዳንዱ ፍሬም የት እንዳለ የሚመዘግብ ማውጫ ይሠራሉ። ቤን ሩዲያክ-ጎልድ የጀመረው አቪሲንዝ ያንን ማውጫ አንብቦ፣ የተጠየቀውን ፍሬም በተጠየቀ ጊዜ አስልቶ ለሌላ ፕሮግራም ያቀብላል። ተቀባዩ ብዙ ጊዜ የኤቨሪ ሊ ሥራ የሆነው ቨርቹዋልደብ ነበር። በዚህ መንገድ መካከለኛ ፋይል ሳይጻፍ ውድ የነበረው የሃርድ ዲስክ ቦታ ይድናል። በማክ ኮምፒውተር ደግሞ ኤምፔግ ስትሪምክሊፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ተመራጭ ሆነ፤ ነገር ግን አፕል በ20 ዶላር ይሸጠው የነበረው የኤምፔግ-2 ማንበቢያ ተጨማሪ ክፍል ያስፈልገው ነበር።

ሃርድ ዲስክ ሲረክስ ለኤዲቲንግ ተብለው የተሠሩ ኮዴኮች፣ ማለትም የማመቂያ ስልቶች፣ መጡ። አቪድ የተባለው ኩባንያ በ2004 ዲኤንኤክስኤችዲን፣ አፕል በ2007 ፕሮሬስን አወጡ። ሁለቱም እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው በከፍተኛ ጥራት ይይዛሉ፤ በተለይ ፕሮሬስ ከዲስክ የወጣ ምስል ማደሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ኤሪክ ፔቲ በ2003 የጀመረው ሃንድብሬክ የተባለው ፕሮግራም ይበልጥ ዝነኛ ቢሆንም ዓላማው ሌላ ነው። ፊልሙን አሳንሶ ለማየት ያመቻቻል እንጂ ለመቁረጥ አያዘጋጅም፤ አንዴ የታመቀውን እንደገና ስለሚያምቀውም ጥራት ይቀንሳል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ በሃንድብሬክ አውጥተው ወደ ኤዲቲንግ የገቡ ብዙዎች ሶፍትዌሩ ሲዘገይና ምስሉ ሲደበዝዝ ተቸግረዋል።

ፓልና ኤንቲኤስሲ

ዲቪዲ ከሁለት የቴሌቪዥን ሥርዓቶች አንዱን ይዞ ይወጣል። ፓል 576 መስመርና በሰከንድ 25 ፍሬም አለው፤ ኤንቲኤስሲ 480 መስመርና 29.97 ፍሬም አለው። በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ የሲኒማ ፊልም ወደ ፓል ሲገባ በ4 በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም በዚያው ልክ ይቀጥናል። ወደ ኤንቲኤስሲ ሲገባ አንዳንድ ግማሽ ፍሬሞች እየተደገሙ ቁጥሩ ይሞላል። ኤዲተሩ ይህን ሳይቀለብስ ከቆረጠ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። በቴሌቪዥን ካሜራ የተቀረጸ ምስል ደግሞ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር መስመሮች በየተራ የሚጻፉበት ነው፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አልነበረም። ኢትዮጵያ የፓል አገር ነበረች፤ አሜሪካ ግን ኤንቲኤስሲን ትጠቀም ነበር። አዲስ አበባ የተቀረጸ የሠርግ ዲቪዲ ለዋሽንግተን ዘመድ ሲላክ ብዙዎቹ የአሜሪካ ማጫወቻዎች አያነቡትም ነበር፤ እስራኤልና አውሮፓ ያሉት ግን ያለ ችግር ያዩት ነበር። ለገበያ በሚታተሙ ፊልሞች ላይ ደግሞ የክልል ቁጥር ይጨመርበታል፤ ኢትዮጵያ በክልል 5፣ አሜሪካ በክልል 1፣ አብዛኛው አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ በክልል 2 ተመድበዋል። ቤተሰብ ያስቀረጸው ዲስክ የክልል ገደብ ስለሌለው የሚቀረው የፓልና የኤንቲኤስሲ ልዩነት ብቻ ነው። ከሁለቱ አገር የመጡ ምስሎችን በአንድ የቤተሰብ ቪዲዮ ውስጥ ለማዋሐድ ትዕይንቶቹን አውጥቶ ወደ አንድ የፍሬም ቁጥር ማምጣት ግድ ነበር።

የቤት ዲስኮች

ከ2001 ጀምሮ ዲቪዲ የሚጽፉ ድራይቮች በተራ ኮምፒውተሮች ውስጥ መግባት ያዙ። በቀጥታ በ8 ሴንቲ ሜትር ዲስክ ላይ የሚጽፉ የእጅ ካሜራዎችም ተሸጡ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና ለቅሶ በካሴት መቀመጡ ቀርቶ በዲስክ መሰጠት ጀመረ። እነዚህ ዲስኮች ምስጠራ የላቸውም፤ የመጀመሪያው መሰናክል አይመለከታቸውም። የራሳቸው ችግር ግን አላቸው። ቀረጻው ሲያልቅ ዲስኩ «ፋይናላይዝ» ካልተደረገ፣ ማለትም የመዝጊያው ጽሑፍ ካልተጻፈለት፣ ኮምፒውተሩ ባዶ ነው ይላል። መዝጊያውን ብዙ ጊዜ መጻፍ የሚችለው ዲስኩን የጻፈው መሣሪያ ራሱ ነው። በተጨማሪም በቤት የሚጻፍ ዲስክ በአብዛኛው መረጃውን የሚይዘው በፋብሪካ እንደታተመው በተቀረጸ ጉድጓድ ሳይሆን በቀለም ንብርብር ነው፤ ቀለሙ በሙቀት፣ በፀሐይና በዕድሜ ይለወጣል።

ከ2010 ወዲህ ፊልም በኢንተርኔት መታየት ሲበዛ የላፕቶፕ አምራቾች የዲስክ ድራይቭን እየተዉ መጡ። ቪዲዮ የማውጣት ሥራ ግን አልቀረም፤ ትኩረቱ ከገበያ ፊልም ወደ ቤተሰብና ወደ ተቋማት መዝገብ ተሸጋገረ። ዛሬ ሥራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ የዲስኩ መረጃ በሙሉ አንድ አይኤስኦ ፋይል ሆኖ ይገለበጣል፤ የሚያስቸግሩ ቦታዎች ቢኖሩ ደጋግሞ ለማንበብ የሚረዳው ይህ ነው፣ ዲስኩም ከዚያ በኋላ ያርፋል። ቀጥሎ እንደ ሜክኤምኬቪ ወይም ኤፍኤፍኤምፔግ ያለ ፕሮግራም የአይኤፍኦውን ካርታ ተከትሎ ምስሉንና ድምፁን እንደገና ሳያምቅ ወደ አንድ ፋይል ያወጣል። በመጨረሻ ለኤዲቲንግ የሚፈለገው ክፍል ብቻ የፍሬም ቁጥሩና የመስመር አጻጻፉ ተጠብቆ እንደ ፕሮሬስ ወዳለ የኤዲቲንግ ኮዴክ ይቀየራል። የመጀመሪያው አይኤስኦ አይጠፋም፤ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ ሥራው እንደገና የሚጀመረው ከእሱ ነው።